የ«ሦስት ማረሻ» ባለቤት

ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ
ፌብሩዋሪ 19፣ 1995

ውድ እህቴ ወሰንየለሽ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ምሥራቅ በሥራ ብዛት ከመነጫነጯ በቀር ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ። ስለ ወገቤ ለጠየቅሽኝ፣ ሐኪሙ ቁጭ ብለህ አትዋል አለኝ። ሹፌር መሆኔን ስነግረው ክኒን ጽፎ ሸኘኝ።

ደብዳቤሽን ሚስቴ እስኪሰለቻት ድረስ ደጋግሜ አነበብኩላት። ለንደንን ለቀቅሁ ያልሽው ይገባኛል። ገጠር ገባሁ ያልሽውም ይሁን። መጠጥ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኜ ተቀጠርኩ፣ መኝታዬም እዚያው ፎቁ ላይ ነው ያልሽው ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። የመሪጌታ አባተ ልጅ መጠጥ ቤት ታድራለች ሲባል እኔ የት ልግባ? እዚህ ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቁኝ «ሆቴል ናት» ብያለሁ። ውሸት አይባልም፤ ምግብ ይሸጣል፣ ሰውም ያድርበታል፣ የሚያድርበት ሰው አንቺ ብቻ ብትሆኚም።

ወሰን፣ ወደዚህ ነይ። ከአባባ ቤት የቀረነው ሁለታችን ነን፤ ባሕር ማዶ ለማዶ ተቀምጠን በወረቀት የምንተያየው እስከ መቼ ነው? ከእንግዲህ የምጽፍልሽ ለዚሁ ነው፣ እስክትመጪ እጨቀጭቅሻለሁ። ደግሞ ግዛቸው የሚባል ሰው አለ። ኤርፖርት የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ቤት ይሠራል፣ ሲቲዝን ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፣ ልጅ የለውም። ሌላ ምንም አላልኩም። ሰው አለ ነው ያልኩት።

ይህን አድራሻ አትልመጂው። ለኤርፖርቱ ይቀርባል ብዬ ቤድፎርድ ልንገባ ነው። እስከዚያው ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ስሙ ማን ይባላል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው፣ ሰካራም አለበት ወይ?

ወንድምሽ አምሃ

ኔተርኮም፣ እንግሊዝ
ኤፕሪል 30፣ 1995

ለጋሼ አምሃ፣

ቢዘገይም እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። ከፋሲካ በፊት ልመልስልህ ጀምሬ ወረቀቱ ላይ ወጥ ፈሰሰበት፣ አትቀየመኝ። ለምን አትደውልም ካልክ፣ ስልኩ ያለው ባንኮኒው ላይ ነው። አማርኛ ስጀምር ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል። ባለፈው «እሺ» ስል ሰምተው አሁን ምግብ ባቀረብኩላቸው ቁጥር ሁሉም «እሺ» ይሉኛል።

ልብህ ይረፍ። ሰካራም አለ፣ አንድ ነው፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ሲሰክር ይተኛል። ቤቱ «ሦስት ማረሻ» ይባላል፤ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው ይላሉ። የጀመረው ጆብ ታከር የሚባል ማረሻ የሚስል ቀጥቃጭ ነው። ገበሬው ማረሻው እስኪሳል ደጅ ቁጭ ሲል ሚስቱ ቢራ ጠምቃ ታቀርብለት ነበር። ኋላ ገበሬው ማረሻው ሳይደንዝም መምጣት ጀመረ። ሦስት ሰዎች ግን ቢራቸውን ጠጥተው ማረሻቸውን ጥለው ጠፉ፤ ታከርም ማረሻዎቹን በሩ ላይ ሰቀላቸው። ከእሱ በኋላ የመጣው ሳይላስ ፐርኪስ ከመንደሩ ቄስ ጋር ተጣላና በሩን ነቅሎ ወደ ኋላ አዞረው፤ ከቅዳሴ ሹልክ ብሎ የሚመጣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ እንዳይታይ። እስከ ዛሬ በጓሮ ነው የምንገባው።

እዚህ አገር መጠጥ ቤት የሚያስተዳድረውን ሰው የሚጠሩበት ቃል «የመሬት ጌታ» እንደማለት ነው። መሬቱ ግን የቢራ ጠማቂው ድርጅት እንጂ የእሱ አይደለም። «ባላባት» ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ሳቄ መጣ። ስለዚህ «ባለቤት» እላለሁ፣ አንተም እንደዚያ ተረዳኝ። ከምድጃው በላይ የባለቤቶቹ ሁሉ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ያለው ባለቤት ስም ደግሞ በሕግ በሩ አናት ላይ ይጻፋል። ያሁኑ ባለቤት ሚስተር አርተር ዊልኮት ናቸው፣ ከአባታቸው ነው የተረከቡት። ሚስታቸው ሞተዋል። ንግግር አያበዙም። በጾሙ ወተት እንደማልነካ ሲያዩ ሻዬን ጥቁር አድርገው ራሳቸው ያመጡልኝ ነበር፤ ለምን ብለው ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

ዳላስ ስለመምጣቱ እናያለን። ያንን ሰው ሰላም በልልኝ። አንተ ሰው አለ ነው ያልከኝ፣ እኔም ሰላም በለው ነው ያልኩህ።

ወሰን

ቤድፎርድ
ጁላይ 9፣ 1995

ወሰኔ፣

«ባላባት» ብለሽ ብትጽፊው ምን ነበረበት? «እህቴ ያለችው ባላባት ቤት ነው» ብዬ ደረቴን ነፍቼ እናገር ነበር። ይሁን፣ ባለቤት። እንዲያማ ከሆነ እኔም ባለቤት አለኝ። ባለቤቴ ሚስተር ዱዌይን ይባላል፤ መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ኤርፖርት የማመላልስበት ቫን የእሱ ነው፣ ትምባሆ ያኝካል፣ ስሜ አልያዝልህ ብሎት «ኤማ» ይለኛል። ትናንት ባለቤቴ አረፈድክ ብሎ ጮኸብኝ። ይህን ለምሥራቅ ባነብላት «ባለቤትህ እኔ ነኝ» ብላ ተቆጣች። እንግዲህ በደብዳቤያችን ያንቺም ባለቤት የኔም ባለቤት ይኸው ነው።

ደብዳቤሽን ለግዛቸው አነበብኩለት። አትቆጪ፣ ስለ ቤቱ ያለውን ብቻ ነው። የፐርኪስን በር ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ አሁን በየእሁዱ «ከዚያስ ማን መጣ?» ይለኛል። ስለ መምጣትሽ ግን ሳነሣበት እንዲህ አለኝ፦

«አምሃ፣ ፑሽ አታድርጋት። ማለቴ፣ ሰው በራሱ ታይም ነው የሚመጣው።»

እኔ ግን ታይም የለኝም። ምን አቅበጠበጠህ ብትዪኝ፣ አላውቅም። ቪከሪ ሜዶ ሳለሁ ቤድፎርድ ይሻላል እላለሁ፤ ቤድፎርድ ገብቼ ደግሞ ሳክሲ የምትባል ከተማ ቤት ማየት ጀምሬአለሁ። ምሥራቅ ዕቃውን አልፈታም ብላ ከሳጥን ውስጥ ሳህን እያወጣች ነው የምታበላኝ። ሰውነቴ የሚያርፈው ሃይዌይ ላይ ስነዳ ብቻ ነው። አንቺ ብትመጪ አንድ ቦታ የምቀመጥ ይመስለኛል፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ፎቶሽን ላኪ። ለኔ ነው።

አምሃ

ኔተርኮም
ኖቬምበር 12፣ 1995

ጋሼ፣

ሁለት ደብዳቤህ ደርሶኝ ዝም በማለቴ ይቅር በለኝ። ብዙ ነገር ነበር። ስለ ራስሽ አንድ መስመር አልጻፍሽም ላልከኝ፣ ደህና ነኝ። እንዲህ ደህና ሆኜ የማውቅ አይመስለኝም።

ግዛቸው ከፐርኪስ በኋላ ማን መጣ ካለህ፣ ኔድ ፔይን መጥቶ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ሚስቱ ማርታ ግን በሩ ላይ የተጻፈውን ስሙን ሳታስነካ እስክታረጅ ድረስ ቤቱን አስተዳደረች። የመጠጥ ቤት ፈቃድ የሚሰጠው ዳኛ «ፔይን የት ነው?» ሲላት «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ አሁን ጠባዩ ተሻሽሏል» አለችው አሉ። የእሷ ስም ሰሌዳው ላይ የለም። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ ልብ ብዬ ሳየው በአንዱ ባለቤትና በሌላው መካከል ባዶ ዓመታት አሉ፤ ባል ሞቶ ሚስት የሠራችባቸው ዓመታት ናቸው። ለባለቤቴ አሳየሁት። ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን ሰሌዳ እያየ አድጎ ልብ ብሎት አያውቅም። በማግሥቱ መሰላል አምጥቶ የማርታን ስም በቢላ ሊፈለፍል ወጣ፤ ደረቱን ይዞ ወረደ።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። አሁን ምድር ቤት ወርጄ በርሜል የምለውጠው እኔ ነኝ። የመጨረሻ መልስሽን ስጪኝ ላልከኝ፣ መልሴ አይሆንም ነው። ባለቤቴን ትቼ የትም አልሄድም። ይህን ለግዛቸው እንዳለ ንገረው፣ ደግ ሰው ይመስላል፣ አይጉላላ። አንተም ይህችን ደብዳቤ ደግመህ አንብባት። ፊት ለፊት ብንሆን ኖሮ አንደበቴ ሳይተሳሰር እነግርህ ነበር።

ወሰን

ቤድፎርድ
ጃንዩዋሪ 28፣ 1996

ወሰንየለሽ፣

ደግመህ አንብብ ባልሽኝ መሠረት ደግሜ አነበብኩ፣ ደግሜም ተናደድኩ።

ሰው ለቀጣሪው እንዲህ ይሆናል? ሚስተር ዱዌይን ልቡን ቢያመው አምቡላንስ እጠራለታለሁ፣ አበባ ይዤ እጠይቀዋለሁ፣ ኑሮዬን ግን አልሰጠውም። ሌላም ነገር ታዝቤብሻለሁ። ድሮ «ናቸው፣ አሉ» ስትዪ የነበርሽ ልጅ አሁን ትልቁን ሰውዬ «ወጣ፣ ወረደ» ማለት ጀምረሻል። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም ብለሽ ነው? አባባ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? ይህንኑ ለምሥራቅ ሳወራላት ትኩር ብላ አየችኝና ደብዳቤውን አምጣው አለችኝ። አንብባ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች።

ለግዛቸው አይሆንም አለች አላልኩትም። «ባለቤቷ ታመውባት ነው፣ ሲሻላቸው ትመጣለች» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። «ባለቤቷ?» አለኝ። አሠሪዋን ማለቴ ነው ብዬ ጨዋታችንን ሳስረዳው አብረን ሳቅን። ይኸው ይጠብቅሻል።

ሳክሲ ያየሁት ቤት ከጧት ጀምሮ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለው። ምሥራቅ ለልብስ መስፊያ አለች፤ እኔ ለወሰን ነው አልኳት።

አምሃ

ኔተርኮም
ሜይ 26፣ 1996

ጋሼ አምሃ፣

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። በማለዳ ልኬ የማስነግርህ ሰው ግን የለኝም። እኔንም ያረዳኝ የለም፣ ያገኘሁት ራሴ ነኝ።

ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ዐረፈ። ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው። በሳምንቱ ዓርብ ቀበርነው። መንደሩ በሙሉ ወጣ፣ ግን የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፤ እኔም ድምፄን አውጥቼ ማልቀስ አፈርኩ።

ቤቱ ምን እንደሚሆን ፍርድ ቤቱ በጁላይ ይወስናል።

ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ጻፍልኝ ብቻ።

ወሰን

ቤድፎርድ
ጁን 9፣ 1996

ውድ ወሰን፣

ነፍስ ይማር። ደግ አሠሪ ማጣት ቀላል አይደለም። የዚያ የጥቁር ሻይ ነገር እኔም አልረሳውም። ለምሥራቅ ስነግራት መታጠቢያ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች፤ ዐይኗ ቀልቶ ወጣች። እሷ ለማታውቀው ሰው ማልቀስ ይቀናታል።

አሁን ግን ነገሩን በሌላ በኩል እይው። አላንቀሳቅስ ያለሽ እሱ ነበር፣ እንግዲህ የሚይዝሽ የለም። አሮጌው ባለቤት ከሄደ አዲስ ባለቤት መምጣቱ አይቀርም፤ ምን ዓይነት ጠባይ ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሳይመጣ ውጪ። ፍርድ ቤቱ የወሰነውን ይወስን፣ አንቺን አይመለከትሽም። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ትንሽ ጊዜ ያሳዝንሻል፣ ከዚያ ይረሳል። ግዛቸው ስነግረው አንገቱን ደፍቶ «አይዞሽ በላት» አለኝ፤ ጨዋ ነው። እኔ ግን እግዜር በሰበቡ አንቺን ሊሰጠን ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ደስታዬን ብደብቅሽ ውሸታም እሆናለሁ።

የሚናፍቅሽ አምሃ

ኔተርኮም
ጁላይ 7፣ 1996

አምሃ፣

አርተር ባሌ ነበር። አሠሪዬ አይደለም፣ ባሌ።

ባለፈው ዓመት በኦክቶበር ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈርመን ተጋባን። ምስክሮቻችን ያ ጡረተኛ አስተማሪና ፖስታ አመላላሹ ነበሩ። ቄስ አልነበረም፣ ቁርባንም የለም። «ይህ ጋብቻ አይባልም» እንደምትለኝ ስለማውቅ ፈራሁ። አንተ ዱዌይንን ባለቤቴ እያልክ ስትቀልድ ቃሏን አገኘኋትና ከኋላዋ ቆምኩ። ግን አልዋሸሁህም። አንድ ሴት በአማርኛ «ባለቤቴን ትቼ የትም አልሄድም» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ? ምሥራቅ እንዳወቀች ከደብዳቤህ ገብቶኛል። አንተ እኔን ዳላስ ለማምጣት ስትቸኩል የጻፍኩትን አላነበብክም።

«አሮጌው ባለቤት ከሄደ አዲስ ባለቤት ይመጣል» ያልከኝን ያነበብኩት ልብሱን ስጣጥፍ ነው። እዚህ ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ካርድ ይልካሉ፣ ሾርባ ሠርተው በር ላይ ያስቀምጡልኛል። ገብቶ አብሮኝ የሚቀመጥ ግን የለም። ስለዚህ አንድ ሰው በአማርኛ ወሰን አይዞሽ እስኪለኝ ለቅሶዬን አቆይቼ ነበር። ያንተን ደብዳቤ ነበር የምጠብቀው። ፖስታውን ስቀድ ነጠላዬን ለብሼ ነበር።

ዳላስ አልመጣም። ፍርድ ቤት የምቆመው የቤቱ ፈቃድ በኔ ስም ይሁን ለማለት ነው። ከፈቀዱልኝ ስሜ በሩ አናት ላይ ይጻፋል። ካልፈቀዱልኝ የት እንደምሄድ አላውቅም፣ ወዳንተ ግን አይደለም።

ባሏ ለሞተባት ሴት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሲገባህ ጻፍልኝ። እስከዚያ አትጻፍልኝ።

ወሰንየለሽ

ቤድፎርድ
ኦገስት 18፣ 1996

እህቴ ወሰንየለሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የባልሽን የአርተርን ነፍስ በገነት ያኑርልን።

ባልሽ ሞቶብሽ እኔ ስለ ትኬት ጻፍኩልሽ። ይህን የሚያህል ጥፋት የሚሽር ቃል ስፈልግ ነው ይህን ያህል የቆየሁት፣ አላገኘሁም። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቫኑን ኤርፖርቱ ዳር አቁሜ ነው። መንገደኛ እየጠበቀኝ እንደሆነ ዱዌይን በሬዲዮ ሲጮህ ሰማሁት፣ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ቤት ስገባ ምሥራቅ ፊቴን አይታ ሁሉም ነገር ገባት። «ማግባቷን አውቀህ የምትክዳት መስሎኝ ነበር፤ አልገባውም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?» አለችኝ። ስታኮርፈኝ የከረመችው ለዚህ ኖሯል።

ከዚያ ሁለት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። አዎ፣ እዚህ ቤድፎርድ። ሶፋውን አውጥተን ከቤተ ክርስቲያን ወንበር አመጣን፤ «የእህቴ ባለቤት ዐርፎ ነው» ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። ቄስ ፊት ተጋብተው ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አለ፤ ተጋብተው ነበር አልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም። ግዛቸውን ከሁሉ አስቀድሜ ነገርኩት። እየነዳ ነበር፣ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። «ያኔ ባለቤቷ ስትለኝ እኮ ገብቶኝ ነበር። አንተ ስትስቅ ጊዜ፣ ማለቴ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ» አለኝ። ሁለቱንም ቀን ከጧት ጀምሮ መጥቶ ተቀመጠ።

ቤቱ ሲሞላ ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው፣ ወደኔ ዞረው «ለመሆኑ ሟቹ የማን ልጅ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። የማውቀው ያንቺን ቤት ብቻ ስለሆነ ጆብ ታከር ከሚባል ቀጥቃጭ ጀመርኩ። ጥለዋቸው ስለጠፉት ማረሻዎች፣ ፐርኪስ ስላዞረው በር ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። ከፐርኪስ ዘልዬ የአርተር አባት ላይ ስደርስ ግዛቸው ከጥግ «ማርታን ረሳሃት» አለኝ። ተመልሼ ማርታን ተናገርኩ። ከዚያም ሰሌዳው ላይ የሌለውን የእሷን ስም ሊጽፍ መሰላል የወጣው፣ ደረቱንም ይዞ የወረደው የእህቴ ባል እንደሆነ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሞተባት?» ብለው አለቀሱ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ጎረቤቶቻችን በረንዳ ላይ እስኪወጡ ድረስ።

ፍርድ ቤቱ ምን እንዳለ አልነገርሽኝም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ከፈቀዱልሽና ቀለም ቀቢው በየትኛው ስም ልጻፍ ካለሽ፣ የአባባን ስም መጠጥ ቤት በር ላይ ማየት አያሳፍረኝም። ከእንግዲህ ነይ አልልሽም። ና ብትዪኝ ግን እመጣለሁ።

ለቅሶ ሊደርስ የገባው ሰው ሁሉ ዐይኑ የሟቹን ፎቶ ይፈልግ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሻማ ብቻ ነበር ያቆምነው። አርተር መልኩ ምን እንደሚመስል፣ ጠጉሩ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ረጅም ይሁን አጭር፣ አንቺን ምን ብሎ እንደሚጠራሽ አላውቅም። ስለ ቤቱ ስጠይቅሽ ስለ ሰውየው አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ወይዘሮ ሸዋረገድ የጠየቁኝን እኔ ላንቺ እጠይቃለሁ፦ ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ወንድምሽ አምሃ